አንድ ዓይና ጻድቅ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። ጤፉ ማሳው ላይ መንጣት ጀምሯል፤ የአዳማ ነፋስም አቧራውን ከባቡሩ መንገድ እያነሣ በየደጃችን ይበትናል። ባለቤቴ በዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ባለቤቴ ሠዓሊ ነበሩ። የሚሥሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ ነው። ከደጋው ሸዋ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ቆላ የወረድነው፣ "ባቡር ባለፈበት ከተማ ይቆረቆራል፤ ከተማ በተቆረቆረበት ቤተ ክርስቲያን ይተከላል" ብለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑስ ተተክሎ ነበር። ሥዕል የሚያሠራ ግን ስምንት ወር ሙሉ ጠፋ። በመስከረም ወንድማቸው "መሬቱ ጦም አደረ፤ ተመለሱ" ብሎ ላከብን። ባለቤቴ መልስ አልሰጡም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እስከ ገና ሥራ ካልተገኘ እንደምንመለስ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሳቸው ከተመለሱ ሞፈር ይይዛሉ እንጂ ብሩሽ አይዙም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ እህል ነጋዴ መጣ።

ይህ ሰው በዕድሜ የእኔ እኩያ ነው። ከሞጆ ዙሪያና ከአርሲ እህል እየገዛ በባቡር ይልካል። ቀኝ ዓይኑን በልጅነቱ አጥር ሲያጥር የግራር እሾህ ወግቶት ጠፍቷል። ሲስቅ የተከደነው ዓይኑም አብሮ የሚስቅ ይመስላል። ገበያ ውስጥ "አንድ ዓይናው" ሲሉት አይከፋውም። "እናንተ በሁለት ዓይን ሚዛን እያያችሁ ትሳሳታላችሁ፤ እኔ በአንዱ አንድ ቀን አልተሳሳትሁም" ይላቸዋል።

ባለፈው ክረምት ግን ቀልዱ አልቆበት ነበር። የቀረችው ግራ ዓይኑ ታመመች። መጀመሪያ ቀላች፣ ቀጥሎ ጭጋግ ለበሰች። ሐምሌን በጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከረመ። ወደ ደጅ ሲወጣ እጁን ይዘው የሚመሩት ሆነ። ያኔ ለእመቤታችን ተሳለ። "ይህቺን አንዲት ዓይኔን ብትተዪልኝ፣ ሥዕልሽን አሠርቼ ለኅዳር ጽዮን አገባለሁ፤ ከእግርሽም ሥር ስሰግድ እሣላለሁ" አለ። በፍልሰታ ጭጋጉ ለቀቀው። "መጀመሪያ ያየሁት ዶሮ ነው። እንደዚያ የምታምር ዶሮ አይቼ አላውቅም" እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር።

እኛ ቤት የመጣው ይህን ስለት ይዞ ነው።

"መሪጌታ፣" አላቸው ባለቤቴን፣ "እሷን እንደሚገባት አድርገው ይሣሉ። እኔን ግን እንደሆንሁት ይሣሉኝ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ ባለቤቴ። እሺ ማለታቸው ነው። ነገሩን ግን በደንብ አልሰሙትም። ስምንት ወር ሥራ የጠፋበት ሰው ሥራ ሲያገኝ ጆሮው ግማሽ ይሆናል።

ስለ ቤታችንም ጥቂት ልናገር። ቆላ ስንወርድ የደጋውን ዕቃ ሁሉ ይዘን መውረድ አልቻልንም። ስለዚህ ያጣነውን ባገኘነው እንተካ ነበር። እንስራዬ በመንገድ ስለተሰበረ ውሃ የምቀዳው በላምባ ቆርቆሮ ነው። ለስፌት ስንደዶ ባጣ ከወንዝ ዳር ያገኘሁትን ሣር ሞከርሁ። የመጀመሪያው ሰፌድ ጠመመ፣ ሁለተኛው ተተረተረ፣ ሦስተኛው ግን ቀና። በራችን ደግሞ ጣቢያው አጠገብ ከተጣለ የውስኪ ሣጥን የተሠራ ነበር፤ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል። አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ቄስ ቅዱስ ጽሑፍ መስሏቸው ተሳለሙት። ባለቤቴ ደንግጠው በማግስቱ መስቀል ሣሉበት።

በዚህ ሁሉ ባለቤቴ ይስቁ ነበር። "አንቺ ከምንም ቤት ትሠሪያለሽ" ይሉኛል። በሥዕል ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። መምህራቸው ካሳዩአቸው መስመር ወዲህም ወዲያም አይሉም። የእመቤታችን ካባ ሰማያዊ ነው፤ እጥፉም ሰባት ነው። ከሰባቱ አንዱ ቢጎድል እህል አይበላላቸውም።

ከሕጉ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የዓይን ነገር ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ኃጥእና ሰይጣን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሥዕል ፊት ሲቆም ማንን እንደሚሳለም፣ ማንን እንደሚረግም የሚያውቀው ዓይኑን ቆጥሮ ነው።

ባለቤቴ አቡጀዲውን ግድግዳው ላይ ወጥረው በዐሥር ቀን ሥዕሉን ጨረሱ። ቀዩን ከኮረብታው አፈር፣ ጥቁሩን ከጥላሸት አወጡ። ሰማያዊውን ከደጋ በቀንድ ሞልተው ይዘው የመጡት ነው፤ ቆጥበው ቆጥበው ካባው ላይ ጨረሱት። እመቤታችን አምራ ወጣች። ከእግሯ ሥርም አንድ ሰው ይሰግዳል።

ነጋዴው ሊያይ መጣ። እመቤታችንን ተሳለመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያን ሰው አየው፤ ቆይቶም ቀና አለ።

"ይህ ማን ነው?"

"አንተ ነህ" አሉት ባለቤቴ።

"እኔ?" ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እኔ ነኝ?"

ምን ልበል? ወደ ባለቤቴ አየሁ።

"ሁለት ዓይን አለው እኮ!"

"ጻድቅ ሁለት ዓይን ነው ያለው።"

"እኔ የለኝማ መሪጌታ!"

"በሥዕሉ ይኖርሃል።"

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። "ያልለመንኋትን ሰጠችኝ ብዬ እሷው ፊት ልዋሽ? እኔ የለመንኋት አንዲቱን ነው። አንዲቱን ሰጠችኝ። አሁን ሁለተኛ ዓይን ቀጥዬ ብሰግድላት፣ 'ይህን ሰው አላውቀውም' አትልም? አንድ አድርገው ይሣሉኝ።"

"በአንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳ ነው። ሰይጣንም ነው።"

"እኔ ደግሞ እህል ነጋዴ ነኝ። ብዙም አንራራቅም።"

ቀልዱን ተናገረ እንጂ አልሳቀም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ "አይቀየሙኝ መሪጌታ፤ ለኅዳር ጽዮን ካልደረሰልኝ ከአዲስ አበባ ሌላ ሠዓሊ አስመጣለሁ። ስለት ነው፤ ስለት ይሉኝታ አያውቅም" አለ።

ባለቤቴ ሦስት ቀን ብሩሽ ሳይነኩ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ያን ፊት በእርጥብ ጨርቅ አጥበው አነሡት። "ራሱ ነው ያለኝ፤ ኃጢአቱ በእሱ" አሉና ሰውዬውን በጎን ሣሉት። አንድ ዓይኑ ብቻ ታየ። የዚያን ቀን ምሳ አልቀመሱም።

ኅዳር ዐሥራ አራት ጎረቤታችን እማሆይ ሥዕሉን ሊሳለሙ መጡ። እማሆይ የባቡር ጭስ ባዩ ቁጥር የሚያማትቡ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ሥዕል ግን ከብዙ ቄስ የበለጠ ያውቃሉ። እንባቸው እየወረደ እመቤታችንን ተሳለሙ። ከዚያ ወደ ታች አዩ፤ ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

"አንተ ርኩስ! እዚህ ከእግሯ ሥር ምን ልሁን ትላለህ?" አሉና እንትፍ አሉበት። አልበቃቸውም፤ መቋሚያቸውን አነሡ።

"እማሆይ! ኧረ ይተዉ!" ብዬ ክንዳቸውን ያዝሁ።

"ልቀቂኝ ልጄ፣ ዓይኑን ላጥፋለት!"

"አንዱ ጠፍቷል እማሆይ። ይህቺን እንኳ ይተዉልኝ" አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ። ነጋዴው በሩ ላይ ቆሟል።

እማሆይ ዞረው አዩት። ሥዕሉን አዩ። እንደገና እሱን አዩ። መቋሚያቸው ቀስ እያለ ወረደ።

"አንተ ነህ እንዴ? ለመስቀል ለድኻው ሁሉ እህል የሰፈርኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ብትበድላቸው ነው እንዲህ የሣሉህ?"

ነጋዴው ሳቀ። እማሆይም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ፤ ይቅር በለኝ እያሉ ትከሻውን ሳሙት። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ያልሳቁት ባለቤቴ ብቻ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ነጋዴው ይህን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

እማሆይ ከሄዱ በኋላ፣ "ሁለት ቢሆን ውሸት፣ አንድ ቢሆን ኩነኔ። ምን ይሻለኛል እትዬ?" አለኝ። "ሰባት ቀን ቀረው። ነገ በሚወጣው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሰው ልላክ እንጂ።"

ትንሿ ልጄ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላትም። ያ የተከደነ ዓይኑ ስለሚያስፈራት ነጋዴው በመጣ ቁጥር ከኋላዬ ትደበቃለች። እሱ ደግሞ ሳያስታርቃት አይሄድም። ያን ቀን፣ ሐሳብ ይዞት እንኳ፣ ተቀመጠና ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ዘረጋላት።

"ነይ እስቲ እመቤት። ዓይኔን የበላው ግራር ነው እንጂ እኔ ሰው አልበላም።"

ልጅቱ አልመጣችም። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ግማሽ ፊቷን ሸፈነችና በአንድ ዓይኗ ትመለከተው ጀመር።

"አየሽ! አሁን እንደ እኔ ሆንሽ" አላት። ልጅቱ ከነጠላው ሥር ሳቀች።

እኔ ልጄን አየኋት። ፊቷ ወደ ፊት ነው። የሚታየው ዓይኗ አንድ ነው። ይህቺን ልጅ አይቶ ማንም ሰይጣን ናት አይልም። የእናቷን ልብስ ይዛለች።

እንግዳ ፊት ብዙ መናገር ልማዴ አይደለም። "ወንድሜ፣ ሰው መላኩን ጥቂት ቀን አቆየው" አልሁት ብቻ።

"ለምን?"

"እንዲሁ።"

"እትዬ እንዲሁ ካለች አንድ ነገር አለ" አለና ቆሎውን ለልጅቱ በደጃፉ ላይ ትቶላት ሄደ።

እሱ እንደወጣ ለባለቤቴ፣ "የካባዋን ጫፍ ያውርዱለት" አልኋቸው። አልገባቸውም። ልጅቱን ጠርቼ ነጠላዬን አስያዝኋትና አሳየኋቸው። ልጅቱ ጨዋታ መስሏት እየተሸፈነች እየተገለጠች ትስቃለች። እሳቸው ብዙ አዩአት።

"ከመምህሬ አላየሁትም" አሉ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ።"

"ካባዋ ሰባት እጥፍ ነው። ይህ ስምንተኛ ሊሆን ነው።"

"አዎ።"

"በማን ፈቃድ?"

ባለቤቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። እሱ ትዝ አለኝ።

"ቅኔ ቤት ሳሉ የመምህሩን ቅኔ እየደገሙ ነበር የሚቀኙት?"

"ኧረ ወዲያ! ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ ነው የሚቆጠረው። የትናንቱን የራስሽን እንኳ ብትደግሚ ይሳቅብሻል።"

"ሥዕልስ?"

"ሥዕል ሌላ ነው።"

"መምህርዎ አንድ ዓይና ሰው ለምስጋና መጥቶባቸው ያውቃል?"

"እኔ እንጃ።"

"ቢመጣባቸው ምን ያደርጉ ነበር?"

ተነሥተው ወጡ። ተቆጡ ብዬ ደነገጥሁ። ጥቂት ቆይቼ ወደ ጓሮ ብወጣ ከአመድ ክምሩ አጠገብ ተንበርክከዋል። አመዱን በመዳፋቸው ደልድለው በጣታቸው ይሥሉበታል፤ ያዩታል፤ ያጠፉታል፤ እንደገና ይሥላሉ። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሥለው ሲያጠፉ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ እጃቸው የሚሄድበትን ቀድሞ ያውቃል። አሁን ግን እጃቸው አያውቅም፤ ይፈልጋል። እያንጎራጎሩም ነበር። ሳያዩኝ ወደ ቤት ተመለስሁ።

በማግስቱ ጾሙ ገባ። ያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴ የቀለሙን ቀንድ ገለበጡት፤ ባዶ ነው። ስምንተኛው እጥፍ ሰማያዊ የለውም።

"ይኸው። አይፈቀድልሽም ሲለኝ ነው" አሉ።

"ቀለም አልቋል ነው ያለዎት" አልሁና ነጠላዬን ለበስሁ።

የጣቢያውን ፈረንጆች ልብስ የምታጥብ አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ኦሮሞ ናት፤ ሃይማኖቷ እስላም ነው። ነጭ ልብስ ስታጥብ ውሃው ላይ የምትበትነው ሰማያዊ ዱቄት እንዳላት አውቃለሁ። ዶሮዎችም አሏት። ባለቤቴ ቀለም የሚለውሱት በእንቁላል አስኳል ስለሆነ ሁለቱንም ከእሷ ልወስድ ሄድሁ።

"አካም ቡልቴ!" ብላ በቋንቋዋ እንዴት አደርሽ አለችኝ፣ ከገንዳዋ ቀና ብላ።

"ነጋ፣ ደኅና። እንቁላል እፈልጋለሁ።"

ዓይኗን አፈጠጠች። "ጾማችሁ ዛሬ አይደል እንዴ የገባው?"

"ገብቷል።"

"እና እንቁላሉ?"

"ለማርያም ነው።"

"መርየም እንቁላል ትበላለች?"

"ለካባዋ ነው። ያን ሰማያዊ ዱቄትም ትንሽ ስጪኝ።"

"እሱስ ለምንሽ ነው?"

"እሱም ለካባዋ።"

"አያ! ካባዋን ልታጥቢላት ነዋ!" አለችና እስክታለቅስ ሳቀች። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስነግራት ሳቋ ቆመ። ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ዋጋ ልስጥሽ ብላት፣ "መርየም የእኛም ናት" አለችኝ።

በጾም መግቢያ ቀን ስድስት እንቁላል በነጠላ ሸፍኖ መንደር ማቋረጥ ቀላል አይደለም። እማሆይ ከሩቅ ሲመጡ አይቼ በአንድ ጎተራ ኋላ ዞርሁ።

ያ ሁሉ ልፋት ግን ከንቱ ሆነ። ባለቤቴ ዱቄቱን በአስኳል ቢለውሱት ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለታችንም ጣሳው ላይ አቀርቅረን አየነው።

"የእመቤታችን ካባ ጎመን መሰለ" አሉ ባለቤቴ። እንደተናገሩትም ሳቃቸው አመለጣቸው። በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ሲስቁ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ሳቃቸው ብቻ እንቁላሉ አልቆጨኝም።

የአስኳሉ ቢጫ ነው ያበላሸው። ቢጫ ያልሆነ የሚያጣብቅ ነገር ያስፈልጋል። ልጆቼ የአጥራችንን ግራር ቅርፊት እየላጡ የሚያኝኩት ሙጫ አለ። ጥርት ያለ ነው፤ ከልብስ ላይ ቢጣበቅ በስንት መከራ ነው የሚለቅ። ትልቋን ልጄን ልኬ አንድ እፍኝ አስለቀምኋት። በሞቀ ውሃ ዘፈዘፍሁት፤ ሲሟሟ በሻሽ አጠለልሁት። ባለቤቴ ዱቄቱን ለወሱበት። ሰማያዊ ሆነ፤ እንደ መስከረም ሰማይ።

እንቁላሎቹን፣ ከተሰበረው አንድ በቀር፣ ለጎረቤቴ መለስሁላት። "ምነው፣ እሷም ጾመች እንዴ?" አለችኝ።

ባለቤቴ አራት ቀን ሠሩ። ሰውዬውን ፊት ለፊት አዞሩት። ካባውን ከእመቤታችን ጉልበት አውርደው በቀኝ ፊቱ ላይ ጣሉለት፤ እሱም ጫፉን በእጁ እንደ ሕፃን ጨብጦታል። ግራ ዓይኑን ትልቅ አድርገው ሣሏት፤ ወደ ላይ፣ ወደ እሷ ታያለች። አንድ ችግር ብቻ ነበር። አዲሱ ሰማያዊ ከአሮጌው ይደምቃል። ባለቤቴ ሊያደበዝዙት ጥላሸት አነሡ።

"ይተዉት" አልኋቸው። "ለእሱ ተብሎ የወረደ መሆኑ ይታወቅ።"

ጥላሸቱን መልሰው አስቀመጡ።

ኅዳር ሃያ ነጋዴውን አስጠራነው። ገብቶ ሥዕሉ ፊት ቆመ። አልቀለደም። እጁን አንሥቶ የጠፋ ዓይኑን ሸፈነ፤ በቀረችው አየ።

"እኔ ነኝ" አለ። "እትዬ፣ እኔ ነኝ።" ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ልጄ ከኋላዬ ወጥታ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

የቀረው ቤተ ክህነቱ ነበር። የደብሩ አለቃ ካልፈቀዱ ሥዕል አይሰቀልም። ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አቡጀዲውን ጠቅልለን ወሰድነው። አለቃው ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ካህናቱ ሁሉ ዝም ይላሉ። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ጣታቸውን ሰውዬው ላይ አሳረፉ።

"ይህ አንድ ዓይን ነው።"

"አዎን አባታችን" አሉ ባለቤቴ።

"ሁለተኛውስ የት ሄደ?"

ባለቤቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነጋዴው ቀደማቸው። "ሁለተኛውን እሷ ዘንድ አደራ አስቀምጫለሁ፣ አባታችን።"

አለቃው መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። እኔ ከኋላ ሆኜ "ሰላም ለኪ" ጀመርሁ፤ መካከሉ ጠፋኝ።

"ይህን ከመምህርህ ነው ያየኸው?" አሉ ባለቤቴን።

ከመምህሬ ነው ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። ማንም አይጠይቅም፤ መምህሩ ሞተዋል።

"አይደለም አባታችን" አሉ ባለቤቴ። "ከልጄ ነው።"

አለቃው ዞረው ትንሿን ልጄን አዩአት። ነጠላዬን ይዛ ግማሽ ፊቷን ሸፍናለች፤ እንግዳ ስታይ የምታደርገው ነው። አንድ ዓይኗ ታፈጣለች። የአለቃው ጺም ተንቀሳቀሰ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ስቀሉት" አሉ። "የቀረውንም ግድግዳ ከገና በኋላ ጀምር።"

በነጋው ጽዮን ነበር። ሕዝቡ እየገባ ተሳለመ። እማሆይ ተራቸው ሲደርስ እመቤታችንን ተሳለሙ፤ ከዚያ በዚያ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው የሰውዬውን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት። አቧራ አልነበረበትም። ነጋዴው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ለሚያየውም ለማያየውም ሰው፣ "ያ እኔ ነኝ" ይል ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ የባቡሩን መንገድ ስንሻገር ቆሙ። ከወደ አዋሽ የመጡ ግመሎች ጨው ጭነው ያልፋሉ።

"በእመቤታችን የስደት ሥዕል ላይ ከአህያዋ ኋላ ግመል ልጨምር ይሆን?" አሉኝ። "መምህሬ እንኳ ግመል አላዩም።"

"ይጨምሩ" አልኋቸው።

ብዙ ሰው እግዚአብሔር የሚሰጠው በሙላት ብቻ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አንዳንዴ የጎደለውን እንዳለ ይተወውና ጉድለቱን የምንሸፍንበትን ልብስ ይሰጣል። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ካህናቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አራት የጌሾ ችግኝ ለምኜ አመጣሁ። ጌሾ ተተክሎ ቅጠሉ እስኪለቀም ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ነገ የሚነሣ ሰው አይተክለውም። ከጓሮው የተሻለውን አፈር መርጬ ቆፈርሁ፤ ተከልሁ፤ ውሃ አጠጣሁ። ባለቤቴ በበሩ ወጥተው አዩኝ። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ቆርጠው ዙሪያውን አጠሩልኝ።